ሰው ሰውነቱን ማከራየት ይችላል?

የአራት ኪሎው መምህር

የተከበራችሁ የመድረኩ ታዳሚዎች፣ ከተማሪዎቼ ጋር ስንወያይበት የሰነበትነውን አንድ ጥያቄ ወደ እናንተ ላመጣው ወደድሁ። የአንድ ሰው ንቃተ ኅሊና በሌላ ሰው ሰውነት ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ እንዲያድር፣ ወይም ሁለት ሰዎች ሰውነታቸውን እንዲለዋወጡ የሚያስችል ቴክኖሎጂ አንድ ቀን ቢገኝ፣ ሰው ሰውነቱን በገንዘብ የማከራየት መብት ሊኖረው ይገባል?

ከተማሪዎቼ አንዱ ያቀረበው ክርክር በቀላሉ የሚመለስ አልሆነልኝም። «የቀን ሠራተኛ ከማለዳ እስከ ማታ እጁንና ወገቡን ለአሠሪው ያውላል፤ ወታደር ሕይወቱን ጭምር በደመወዝ ያስይዛል፤ አዲስ መድኃኒት ሲሞከር ገንዘብ ተከፍሎት ክንዱን ለመርፌ የሚሰጥ ጤነኛ ሰው አለ። ሁላችንም ሰውነታችንን ቆራርሰን እያከራየን ነው። ሙሉውን በአንድ ጊዜ ማከራየት የመጠን እንጂ የዓይነት ልዩነት የለውም፤ ድሃውን ይህን እንዳያደርግ መከልከል ደግሞ ያለውን ብቸኛ ሀብት መንጠቅ ነው» አለ። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም መልሱን ለሚቀጥለው ሳምንት አቆየሁት።

ቤቴ ገብቼ ሳሰላስል መጀመሪያ የመጣልኝ የገዛ ቋንቋችን ነበር። «ጉልበቱን ሸጦ የሚያድር» የምንለው በአክብሮት ነው፤ «ገላዋን የምትሸጥ» የምንለው በሐዘኔታ ወይም በነቀፌታ ነው፤ «ሰውነቱን ሸጠ» የሚል አነጋገር ግን አልለመድንም። ድህነት ድሃ መሆን፣ ልጅነት ልጅ መሆን እንደ ሆነ ሁሉ ሰውነትም ሰው መሆን ነው፤ ያው ቃል ነው እጅና እግራችንን፣ ሆድና ጀርባችንን የሚጠራው። ቃል ብቻውን ማስረጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሆኖም አንድ ሕዝብ አካልንና ሰው መሆንን በአንድ ስም ሲጠራ የኖረው በከንቱ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ወደ መርካቶ ሄድሁ፤ በሐሳቤ ማለቴ ነው። ኩንታል ተሸክሞ በሰው መካከል የሚያልፍ ወዛደር ወገቡ ሲከዳው ሸክሙን ያወርዳል። ሒሳቡን ሊያጣ፣ ሊሰደብ፣ ነገም ሥራ ሊከለከል ይችላል፤ ቢሆንም ያወርዳል። ሥራው በሚሠራበት ሰዓት ሁሉ እርሱ በዚያው አለ፤ ሕመሙ የሚሰማው እርሱ ነው፣ «በቃኝ» የሚለውም እርሱ ነው። ሰውነቱን ለሌላ አከራይቶ የሄደ ሰው ግን ወገቡ ሲከዳው በዚያ የለም።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1694 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የአንድ ልዑል ነፍስ የልዑልነት ትዝታዋን ሁሉ ይዛ በአንድ ጫማ ሰፊ ሰውነት ውስጥ ብትገባ ያ ሰው ማን ይሆናል ብሎ ጠይቆ ነበር። መልሱም ማንነት ንቃትንና ትዝታን ስለሚከተል ሰውዬው ልዑሉ ነው የሚል ነው። ይህን ምሳሌ ለዓመታት ሳስተምር አንድ ነገር ሳላስተውል ኖሬያለሁ። ሎክ የጫማ ሰፊው ነፍስ ሰውነቱን ትታ እንደ ሄደች በአንዲት ሐረግ ጠቅሶ ያልፋል፤ ወዴት እንደ ሄደች፣ ወድዳ ይሁን ተገድዳ፣ መመለሻ ይኑራት አይኑራት አንድም ቃል አይጽፍም። እኔ ልጠይቅ የምፈልገው ስለዚያች ነፍስ ነው።

የፊዚዮሎጂ መምህር

መምህር፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሳይንሱ ያለበትን ቦታ ሳናውቅ ብንወያይ ተረት ላይ እንፈርድ ይሆናል። ዛሬ የአንድን ሰው ንቃተ ኅሊና ከአንጎሉ አውጥቶ ወደ ሌላ የሚያሻግር ምንም ዘዴ የለም። ትዝታና ጠባይ በነርቭ ሕዋሳት መካከል ባሉት ግንኙነቶች ውስጥ የተሠሩ ናቸው፤ ከሥጋው ተነጥለው እንደ ዕቃ የሚነሡ አይደሉም።

የተቻለውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 በስቶክሆልም የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች የቪዲዮ ካሜራን በአንድ አሻንጉሊት ሰው ራስ ላይ ገጥመው ምስሉን በተሳታፊው ዓይን ፊት በተሰቀለ ስክሪን አሳዩት፤ የሁለቱንም ሆድ እኩል ሲዳስሱ ተሳታፊው የአሻንጉሊቱ ሰውነት የራሱ የሆነ ያህል ተሰማው፤ ቢላዋ ወደ አሻንጉሊቱ ሲቀርብም ላቡ መጣ። በሌላ ሙከራ ሰውዬው በሌላ ሰው ዓይን ሆኖ የራሱን እጅ ጨበጠ፤ ስሜቱ ግን አልፈረሰም። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አንድ ተመራማሪ እጁን ለማንቀሳቀስ ሲያስብ፣ የአንጎሉን ሞገድ የሚያነብ ቆብ ሐሳቡን በኢንተርኔት አስተላልፎ፣ በሌላ ሕንፃ የተቀመጠው ባልደረባው ራስ ላይ በተገጠመ መግነጢሳዊ መሣሪያ አማካይነት የባልደረባውን ጣት አንቀሳቀሰ። ትንሽ ነገር ነው፤ ሆኖም የአንዱ ፈቃድ የሌላውን ጡንቻ አዘዘ።

ስለ ሥጋው ንቅለ ተከላ ብዙ ተስፋ አይኑራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ኋይት የአንድን ጦጣ ራስ በሌላ ጦጣ አካል ላይ ሲተክል፣ ሕብለ ሰረሰሩን መቀጠል ስላልተቻለ እንስሳው ከአንገት በታች ምንም ማዘዝ አልቻለም። አንድ እጅ እንኳ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ የሌላ ሰው እጅ የተተከለለት ሰው፣ እጁን እንደ ራሱ ሊቀበለው ስላልቻለ፣ ሰውነቱ እጁን እንዳይገፋ ይወስደው የነበረውን መድኃኒት አቋረጠ፤ በ2001ም በራሱ ጥያቄ ተቆረጠለት። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይሉ የለ አባቶቻችን፤ እጅ ግን ከወርቅ ይልቅ ይከብዳል።

እንግዲህ ግምቴ ይህ ነው። ወደፊት የሚመጣው የነፍስ መለዋወጥ ሳይሆን፣ ከሩቅ ሆኖ የሌላውን ሰው ጡንቻ ማዘዝና እርሱ የሚያየውንና የሚሰማውን መቀበል ይሆናል። ይህ ከሆነ ጥያቄው ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ባለ ሰውነቱ የትም አይሄድምና፤ በገዛ አካሉ ውስጥ ተቀምጦ እጁ ምን እንደሚሠራ ይመለከታል።

የሕግ ሰው

ሕጋችን ይህን ጉዳይ አስቀድሞ ያሰበበት ይመስላል ብል ማጋነን አይሆንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 18፣ ሰው በሕይወት ሳለ መላ ሰውነቱን ወይም ከፊሉን ለሌላ ለመስጠት የሚፈጽመው ተግባር በአካሉ ደኅንነት ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ እንደማያስገድደው ይደነግጋል፤ በሕክምና ሙያ ደንብ የሚደገፍ ሲሆን ብቻ ይህ አይጸናም። ለዛሬው ክርክራችን ግን ዋናው አንቀጽ 19 ነው። ሰው ሰውነቱን ወይም ከፊሉን ለመስጠት የገባውን ቃል በማናቸውም ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ቃል የተገባለት ወገን ሊጠይቅ የሚችለው ያንን አምኖ ያወጣውን ወጪ ብቻ ነው፤ ሰውነቱን አምጣ ብሎ ማስገደድ አይችልም።

ሌላውን ውል ሁሉ አስቡት። ቤቴን ለአንድ ዓመት ካከራየሁ በስድስተኛው ወር ሐሳቤን ስለ ለወጥሁ ብቻ ተከራዩን ማስወጣት አልችልም። በሰውነት ላይ ግን ሕግ አውጪው ውልን ውል የሚያደርገውን አስገዳጅነት ራሱን አነሣው። በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ይህ አገር ባርነትን በአዋጅ ያጠፋው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ሕጉ ሲጻፍ ሰው በሰው ላይ የነበረው ባለቤትነት ገና የቅርብ ትዝታ ነበር።

ስለዚህ የመምህሩ ወዛደር በሕግ ቋንቋ እንዲህ ይባላል፤ የመሻር መብት ያለው ሰው ነው። ሰውነት የሚከራይበት ውል ግን መብቱን በወረቀት ቢጽፈውም፣ መብቱን የሚናገርበትን አፍ ለተከራዩ አስረክቧል። የሚሽር አንደበት ከሌለ አንቀጽ 19 በመጽሐፍ ላይ የቀረ ቀለም ነው።

የባሕር ዳሩ

የተጻፈውን ሁሉ በጥሞና አነበብሁ፤ አንድ የጎደለ ነገር ስላለ ልጻፍ። ከ11 ዓመት በፊት በመኪና አደጋ ሕብለ ሰረሰሬ ተጎድቶ ከወገቤ በታች መንቀሳቀስ አልችልም። ከአደጋው በኋላ አግብቼ ዛሬ የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። በየዓመቱ ጥምቀት ሲደርስ ሌሎች አባቶች ልጆቻቸውን በትከሻቸው ላይ አስቀምጠው ታቦቱ ሲያልፍ ያሳያሉ፤ የእኔ ልጅ የምታየው የሰው ጀርባ ነው። ወንድሜ ተሸክሞ ያሳያታል፤ እኔ ከወንበሬ ሆኜ እርሷ ያየችውን ስትነግረኝ እሰማለሁ።

ለአንድ ቀን፣ ለአንዲት ጥምቀት ብቻ፣ የሚቆም ሰውነት የሚያውሰኝ ሰው ቢኖር ምን ይበላሻል? እናንተ የምታነሡት ሁሉ ስለሚበዘብዝ ተከራይ ነው። ሌላ ዓይነት ተከራይም አለ። ለእኔ ጉዳዩ የመዝናኛ አይደለም፤ ሰውነታቸው ሙሉ የሆነ ሰዎች ተሰብስበው ሰውነት አይከራይም ብለው ሲወስኑ ውሳኔው የሚወድቀው በእኛ ላይ ነው።

የፊዚዮሎጂ መምህር

ወንድሜ፣ የጻፉት ልቤን ነክቶታል። ለእርስዎ የሚሆነው መንገድ በሌላ ሰው ሥጋ ላይ ላያልፍ ይችላል። በቶኪዮ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በቋሚነት የተከፈተ አንድ ካፌ አለ፤ አስተናጋጆቹ ሮቦቶች ናቸው፤ ሮቦቶቹን ግን ከቤታቸው፣ አንዳንዶቹም ከአልጋቸው ሆነው የሚመሩት መንቀሳቀስ የማይችሉ ሰዎች ናቸው። በሮቦቱ ዓይን ያያሉ፣ በድምፃቸው እንግዳውን ያነጋግራሉ፣ ደመወዝም ያገኛሉ። የሚወሰድበት ሰው የሌለ ሰውነት ነው።

የባሕር ዳሩ

አመሰግናለሁ፤ ስለ ካፌው ሰምቻለሁ፤ ለሥራ ቢሆን ዛሬውኑ እመዘገባለሁ። ልጄ ግን በብረት ትከሻ ላይ ተቀምጣ አባቴ ነው ብላ ፀጉሬን የምትይዝ አይመስለኝም።

ከሪያድ የተመለሰችው

እኔ ስለ ወደፊቱ ቴክኖሎጂ ብዙ እውቀት የለኝም፤ ስለ ኪራዩ ግን አውቃለሁ። በ19 ዓመቴ በደላላ በኩል ሪያድ ሄጄ አምስት ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ኮንትራቱ ሁለት ዓመት ይል ነበር፤ የዕረፍት ቀንም ተጽፎበት ነበር። ካፋላ በሚባለው አሠራር ኢቃማዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በአሠሪዬ ስም የታሰረ ስለሆነ፣ ያለ እርሳቸው ፈቃድ ቤት መቀየርም ወደ አገር መመለስም አልችልም ነበር። ፓስፖርቴ በማዳም መኝታ ቤት በመሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ነበር። መሳቢያውን በየቀኑ እኔው እወለውለው ነበር።

የመምህሩ ተማሪ የመጠን ልዩነት ነው ያለውን ሳነብ በጣም አሰብሁበት፤ ከፊል እውነት አለበት። ሲደክመኝ መተኛት አልችልም፣ ሲርበኝ የምበላበትን ሰዓት አልመርጥም፣ ፀጉሬን እንድቆርጥ ተነግሮኝ ቆርጬአለሁ። እግሬም እጄም ውሎው በሌላ ሰው ትእዛዝ ነበር። ነገር ግን ሌሊት፣ በወጥ ቤቱ ጎን ባለችው ክፍል፣ የውስጥ ቁልፍ ባይኖራትም፣ ተሸፍኜ ስተኛ በዚያ ሽፋን ውስጥ የነበርሁት እኔ ነበርሁ። አለቅሳለሁ፤ ልቅሶዬ የራሴ ነበር። እናቴ ያስተማረችኝን ጸሎት በልቤ እላለሁ፤ ማንም አይሰማኝም። ያቆየችኝ ያች ቦታ ናት። እናንተ የምትነጋገሩበት ነገር እርሷንም የሚከራይ ነው።

ሌላም አለ። ፓስፖርቴ በመሳቢያ ሲቆለፍ እኔ ከውጭ ሆኜ መሳቢያውን አያለሁ። ሰውነቴ ራሱ ቢቆለፍስ? ኪራዩ ሲያልቅ የማይመልሰው ሰው ቢገጥመኝ በምን እግሬ ኤምባሲ እሄዳለሁ? በማን ፊት ቀርቤ እኔ እገሊት ነኝ እላለሁ? ተከራይዋ በፊቴ ወጥታ በድምፄ ደህና ነኝ ብትል እናቴ እንኳ አቅፋ ትስማታለች።

ባሕር ዳር ያሉት ወንድሜ፣ እርስዎን ለማሳዘን አልጻፍሁም። እርስዎ ለአንድ ቀን የሚፈልጉትን እኔ በነጻ ብሰጥዎ ደስ ይለኛል። የምፈራው እርስዎን አይደለም፤ በእርስዎና በእኔ መካከል ቢሮ የሚከፍተውን ነው።

የሐይፋዋ

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። የሰውነት ኪራይ ወደፊት የሚመጣ ሳይሆን በአንድ በኩል የገባ ነገር ነው፤ አንዲት ሴት የሌሎችን ልጅ አርግዛ የምትወልድበት ነው፤ የማሕፀን ኪራይ እንለዋለን። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ሕግ አለው፤ እያንዳንዱ ውል ሐኪሞች፣ የሥነ ልቡና ባለሙያ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ የሕግ ባለሙያና የሃይማኖት ሰው ባሉበት ኮሚቴ ካልጸደቀ አይፈጸምም። ጥንቃቄው መልካም ነው፤ በዚህ መንገድ ልጅ ያገኙ ጎረቤቶች አሉኝ፤ ደስታቸውን በዓይኔ አይቻለሁ።

የሕንድ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። በዚያ አገር ለገንዘብ የሚደረገው የማሕፀን ኪራይ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ተፈቅዶ ከብዙ አገሮች ደንበኛ ይመጣ ነበር፤ በ2021 በወጣው ሕግ ያለ ክፍያ ከሚደረገው በቀር ተከለከለ። በጉጃራት ግዛት በምትገኘው በአናንድ ከተማ እርጉዞቹ ሴቶች እስኪወልዱ ድረስ በአንድ ቤት ተሰብስበው ይኖሩ ነበር፤ የሚበሉትም የሚንቀሳቀሱትም በክትትል ነበር። ማሕፀን ብቻ ተከራየ ተባለ፤ ማሕፀን ግን ብቻውን አይሄድም፣ ብቻውን አይበላም። ገንዘብ የከፈለ ሰው ስለ ልጁ መጨነቁ ተፈጥሯዊ ነው፤ ጭንቀቱም ከአንዱ የሰውነት ክፍል ተነሥቶ የሴቲቱን ሙሉ ኑሮ ያዘ። በአንድ የሰውነት ክፍል ኪራይ ይህ ከሆነ፣ ሙሉው ሲከራይ ምን ይተርፋል? ያከራየችው ሴትስ እንቅልፏን፣ ምግቧን፣ ከኪራዩ በፊትና በኋላ የምታደርገውን ሁሉ ለዕቃው ጥራት ሲባል አትጠየቅም?

የጎንደሩ

መምህሩ የጫማ ሰፊው ነፍስ ወዴት ሄደች ብለው ሲጠይቁ አያቴ ትዝ አሉኝ። በእኛ አካባቢ ዛር የሰፈረበት ሰው «የዛር ፈረስ» ይባላል፤ ዛሩ ጋላቢው ነው። ቤተ ክርስቲያን አጥብቃ የምታወግዘው ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ላወድሰውም አልተነሣሁም። የፈረንሳዩ ተመራማሪ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር መጥቶ ወራት የፈጀው ይህንኑ ሲያጠና ነው። የማነሣው አንድ ሰውነት ሁለት ጌታ ሲኖረው ምን ይደረግ የሚለውን የእኛ ሰዎች አስቀድመው ስላሰቡበት ነው።

ያስተዋልሁት ይህ ነው። ፈረሱ ከጋላቢው ጋር ብቻውን አይተውም። ቡናው ተፈልቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ከበሮው እየተመታ ሰው ይሰበሰባል፤ ታላቁ ባለ ዛር ጋላቢውን ማን እንደ ሆነ ያስለፈልፈዋል፣ ምን እንደሚፈልግ ይጠይቀዋል፣ ከመጠን ሲያልፍም ይገሥጸዋል፣ ልቀቃት ይለዋል። ጉሪው፣ ማለትም የዛሩ ጭፈራ፣ ሲያልቅ ሴቲቱ ያደረገችውን አላስታውስም ትላለች፤ በዚያን ሰዓት ስለ ተናገረችው ቃልም ማንም አይቀየማትም። ማለትም ሦስተኛ ሰው አለ፤ ሥራውም ጋላቢውን ማስወረድ ነው። ቴክኖሎጂው ከመጣ ሕጉ ይህን ያህል እንኳ ይኑረው እላለሁ፤ የተከራየው ሰውነት ባለበት ሁሉ ስለ ባለቤቱ የሚቆምና ማስወረድ የሚችል ሰው ይኑር።

ከሪያድ የተመለሰችው

ወንድሜ የጎንደሩ፣ የእኔም ውል ሦስተኛ ሰው ነበረው። የላከኝ ኤጀንሲ ነበር፤ ስልኩ በኮንትራቱ ላይ ተጽፎ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጊዜ አነሡልኝ፤ ከዚያ በኋላ አላነሡም። ከበሮ የሚመቱት ጎረቤቶችና ዘመዶች ስለሆኑ ነው እዚያ የሚያስወርድ የተገኘው። ደመወዙን ከተከራዩ የሚቀበል አስወራጅ አያስወርድም።

የእጥበት ክፍል ነርስ

በኩላሊት እጥበት ክፍል ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲጀመር፣ ለጋሹ ዘመድ እንዲሆን የተደረገው ድሃ ኩላሊቱን ለባለጸጋ እንዳይሸጥ ነው። አሳቡ ትክክል ነው። በኢራን እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ኩላሊት ለሚሰጥ ሰው በደንብ የተፈቀደ ክፍያ አለ፤ የሚሰጡት ግን በአብዛኛው ዕዳ ያለባቸው ድሆች ናቸው።

ሆኖም ገንዘቡን ስላወጣን ነፃነት የገባ እንዳይመስለን። በሥራዬ ያየሁትን ልንገራችሁ። ታማሚው በአልጋ ላይ ነው፤ እናት በር ላይ ታለቅሳለች፤ ወንድሞችና እኅቶች ተሰልፈው ለምርመራ ደም ይሰጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ይቀርና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እባክሽ፣ አይመሳሰልም በሉልኝ» ይላል። ፈርቶ ነው፤ ልጆች አሉት፤ ግን «አልሰጥም» ብሎ እናቱን ማየት አይችልም። ይሉኝታ ከገንዘብ ያነሰ አስገዳጅ አይደለም፤ እንዲያውም ገንዘብ ቢያንስ ይቆጠራል። ስለዚህ ለጋሹን ለብቻው፣ በር ዘግቶ ማነጋገር ከምርመራው ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰውዬው ካልፈለገ ቤተሰቡ የሚሰማው «ለመስጠት አይሆንም» የሚለውን ብቻ ነው፤ ምክንያቱ ከበሩ አይወጣም።

እኅቴ ከሪያድ በነጻ እሰጣለሁ ስትል ልቧን አየሁት። እኔ ብሆን ግን እርሷንም በር ዘግቼ አነጋግራታለሁ።

የአራት ኪሎው መምህር

ስጀምር መልሱ የመገኘት ጉዳይ ይመስለኝ ነበር፤ ወዛደሩ በሥራው ላይ አለ፣ አከራዩ የለም የሚል። የፊዚዮሎጂ መምህሩ ባለ ሰውነቱ በዚያው ሊኖርና ሊመለከት እንደሚችል ሲጽፉ ክርክሬ ሳስቶ ታየኝ። መኖር ብቻ አይበቃም፤ ሪያድ የነበረችው እኅታችን በዚያ ነበረች። የሚለየው የማውረድ ሥልጣን ነው፤ ሥልጣኑም በወረቀት ላይ የተጻፈው ሳይሆን በዚያችው ቅጽበት፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ በገዛ አካል የሚፈጸመው ነው።

ለተማሪዬ የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። በቀን ሥራና በሰውነት ኪራይ መካከል ያለው ልዩነት የተሰጠው አካል መጠን አይደለም። የቀን ሠራተኛው የሚሰጠው ሁሉ በእጁ እያለ ነው የሚሰጠው፤ በየደቂቃው እንደገና ይሰጣል፣ በየደቂቃውም ሊያቆም ይችላል። ሰውነቱን ያከራየ ሰው አንዴ ሰጥቶ መስጠቱን የሚያቆምበትን መሣሪያ አብሮ ይሰጣል። አሠሪዎች ይህን መብት በረሃብና በመሳቢያ ቁልፍ ሲያጠቡት እንደ ኖሩ አውቃለሁ፤ ተማሪዬ በዚህ በኩል እውነት አለው፤ ያ ግን የቀን ሥራውን የምናስተካክልበት ምክንያት ነው እንጂ የቀረውን የምንሸጥበት አይደለም። ስለዚህ በገንዘብ የሚደረገውን ኪራይ እቃወማለሁ፤ ድሃው ቢስማማም እቃወማለሁ።

በነጻ ስለሚሰጠው፣ ለአጭር ሰዓት፣ ባለቤቱ ነቅቶና በፈቀደ ጊዜ መልሶ መረከብ እየቻለ ስለሚሆነው ግን ስጀምር የነበረኝን እርግጠኝነት አጥቻለሁ። የባሕር ዳሩን ወንድማችንን «አይሆንም» የምልበት ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም፤ ነርሷ ባነሡት በር ውስጥ ከማለፍ በቀር።

የባሕር ዳሩ

ትናንት ማታ ወንድሜን ጠየቅሁት። ይህን ውይይት አላነበበም፤ በአጭሩ አስረድቼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢገኝ ለአንዲት ጥምቀት ሰውነትህን ትሰጠኝ ነበር ወይ አልሁት። «መቼ ነው?» አለኝ፤ «ለምን?» አላለኝም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን የነርሷን ጽሑፍ አንብቤ ስለ ነበር የእሺታው ፍጥነት እንቅልፍ ነሣኝ። 11 ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ከወንበር ወደ አልጋ የሚያነሣኝ እርሱ ነው፤ አንድም ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም፤ እምቢ ማለት ይችል እንደ ሆነም ጠይቄው አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴና ልጄ ወደ ገበያ ሲወጡ በሩን ዘግቶ እንዲቀመጥ ለመንሁትና ያንን ጠየቅሁት። ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ሁለት ዓመት ሆነው ወገቡን እንደሚያመው ነገረኝ።